አፍሽን ግጠሚ

"አፍሽን ግጠሚ፣ ሚጣ። አንዴ ብቻ።"

ሚጣ ገጠመች። አባቷ ዓይኑን ካሜራው ላይ ተክሎ ሳያነሣት በፊት ግን ጉንጯ ተነፋ፣ ፊቷ ቀላ፣ ከንፈሯ ተላቀቀና ዳገት እንደወጣ ሰው ቁና ቁና ተነፈሰች። ይኼ ስድስተኛው ሙከራ መሆኑ ነው። የሰፈሩን ሰው በሁለት ደቂቃ አንሥቶ የሚሸኝ ፎቶ አንሺ፣ ለገዛ ልጁ የትምህርት ቤት መታወቂያ አንዲት ጉርድ ፎቶ አቅቶት ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

"ኋላ ዝንብ ገብታ ትወልድብሻለች" አላት፣ ሊያስቃት ብሎ።

"ካልከፈትኩት አየር አይገባም" አለች የሰባት ዓመቷ ልጅ። "ልጆቹም ዓሣ ይሉኛል።"

"ምን አገባችሁ በያቸው። አሁን ቀና በይ።"

አግዳሚው ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በነርስነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ የጡረታ ደብተራቸውን ለማሳደስ ፎቶ ሊነሡ ነው የመጡት። ከገቡ ጀምሮ ዓይናቸውን ከልጅቷ ላይ አልነቀሉም። ደንበኞች ፀጉራቸውን የሚያዩበትን የእጅ መስተዋት አንሥተው ወደ በርጩማዋ ጠጋ አሉ።

"እስቲ የኔ ልጅ፣ አፍሽን ዝጊና በአፍንጫሽ ብቻ ተንፍሺበት።"

ከአፍንጫዋ ሥር የያዙት መስተዋት በአንድ ወገን ጥቂት ጉም ያዘ። በሌላው ወገን ምንም የለም።

"ታንኮራፋለች?" አሉት።

"አባቷን ወጥታ ነዋ" አለ እየሳቀ።

"ትራሷ ይርሳል? ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች? ስትጠራትስ ቶሎ ትሰማሃለች?"

ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ላይ ጠፋ። "አስተማሪዋ ታንቀላፋለች ብላኛለች። ስጠራት ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። እኔ ግትርነት መስሎኝ…"

"የምን ግትርነት። ልጅ ወድዶ አፉን ከፍቶ አይውልም፤ አፍንጫው እንቢ ሲለው ነው። ከአፍንጫ በስተኋላ ያለው ሥጋ ያብጥና መተንፈሻውን ይዘጋዋል። ለጆሮም ይተርፋል። ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነችው?"

ሊመልስ ሲል አሮጊቷ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ትልቅ ፎቶ አዩ። ሚጣ ናት፣ በአምስት ዓመቷ፣ ከንፈሯ ግጥም ብሎ ፈገግ ያለች።

"እዚህ ላይ ደኅና ነች እኮ። እንግዲያው የቅርብ ጊዜ ነው። ቢሆንም ሐኪም ይያት። መቼ ጀመራት ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፣ አስበህበት ሂድ።"

"እሺ እማማ" አለ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ያ ግጥም ያለ ከንፈር የእጁ ሥራ ነው።

ሰውዬው በሙያው የተመሰገነ ነው። እሱ ቤት የገባ አሥር ዓመት ጥሎ ይወጣል ይሉታል። ጠባሳ ያጠፋል፣ መላጣ ይሸፍናል፣ የተጨፈነ ዓይን ይገልጣል። ሚስቱ ሩቅ ቦታ የድልድይ ሥራ ላይ በመጋዘን ጠባቂነት ተቀጥራ ለሦስት ዓመት ስትሄድ፣ በየሳምንቱ የልጇን ፎቶ እንዲልክላት አስምላው ነበር። እዚያ ያለው ኔትዎርክ እያዩ ለማውራት አይበቃም። ከሄደች ጥቂት ወራት በኋላ አንዱን ፎቶ ሊልክ ሲል ልብ ብሎ አየው። አፏ የተከፈተ፣ ከዓይኗ ሥር የጠቆረ፣ የፈዘዘች ልጅ። እናት ይህን አይታ በሰው አገር እንቅልፍ ይወስዳታል? ብሎ ከድሮ ፎቶዋ የተዘጋ ከንፈር ቆርጦ ለጠፈላት፤ ጥቁረቱንም አፈካው። ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም ከመውደድ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን እጁ ለመደው፤ የደንበኛ ብጉር እንደሚያጠፋ ሁሉ ሳያስበው ይዘጋው ጀመር። ሚስቱ በዓመት አንዴ ለሳምንት ስትመጣ ደግሞ፣ "ጉንፋን ይዟት ነው" ይላት ነበር። ሥራዋን ጨርሳ ጠቅልላ ከተመለሰች አራት ወሯ ነው።

አሮጊቷን አንሥቶ ከሸኘ በኋላ ያልተነኩት ፎቶዎች ያሉበትን ፎልደር ከፈተ። የአራት ዓመት፣ የአምስት፣ የስድስት። በሁሉም አፏ ክፍት ነው። በዚያ ላይ ፊቷ ከዓመት ዓመት እየረዘመ፣ የላይኛው ጥርሷ ወደ ፊት እየወጣ መጥቷል። ዞር ሲል ሚጣ አግዳሚው ላይ እንቅልፍ ጥሏታል። ትንፋሿ ቆመ። እሱም አብሯት ትንፋሹን ያዘ። ከቆይታ በኋላ ልጅቷ አየር በኃይል ስባ እንደገና ማንኮራፋት ጀመረች። ፎቶዎቹን በፍላሽ ገልብጦ ኪሱ ከተተ።

ማታ ቤት ሲገባ ለሚስቱ ስለ መስተዋቱ ነገራት። ስለ ፎቶዎቹ ሁለት ጊዜ ሊጀምር ብሎ ሁለቴም ውኃ ጠጣበት።

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱም የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ፊት ተቀመጡ። ሐኪሟ የልጅቷን ጆሮና አፍንጫ በመብራት አይታ ስታበቃ ብዕሯን አነሣች።

"መቼ ነው የጀመራት?"

"አራት ወር ይሆናታል" አለች እናትየው ቀድማ። "እኔ ከተመለስኩ ወዲህ ነው። ሦስት ዓመት ለሥራ ርቄ ነበር፣ ዶክተር። ስመጣ እንደ እንግዳ ነው ያየችኝ። ተቀይማኝ ይሆናል፣ ከኀዘን ይሆናል እያልኩ ሰው ፊት ማልቀስ ነው የቀረኝ። ከዚያ በፊት ግን እንዲህ አልነበረችም። ይኸው ይመልከቱት።" ስልኳን ከፍታ አቀበለቻት።

ሐኪሟ ፎቶዎቹን ገላለጠች። "የአራት ወር ነገር ከሆነ አንቸኩልም። የአፍንጫ መድኃኒት ሰጥተናት ከሦስት ወር በኋላ እናያታለን። ዓመታት የቆየ ቢሆን ግን ዛሬውኑ ራጅና የመስማት ምርመራ ነበር የማዝላት። ምናልባትም ቀዶ ጥገና።"

ፎቶ አንሺው እጁን ጭኖቹ መሃል ከቶ አቀርቅሯል። ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ሦስት ወር ነው፤ ነገም ተነገ ወዲያም ያልፋል። ሚጣ ግን ያንን ሁሉ ጊዜ በእንቅልፏ ትንፋሽ እያጠራት ልታድር ነው። ሚስቱም ያልበደለችውን በደል ተሸክማ ልትከርም ነው። አፈረ፤ ከማፈሩም ይልቅ ፈራ።

"ፎቶዎቹን አይመኑ፣ ዶክተር" አለ።

"ምን አሉኝ?"

"አፏን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ በኮምፒውተር። ሦስት ዓመት አልፏታል እንዲህ ስትሆን። ዋናዎቹ እዚህ አሉ።" ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ሚስቱ መጀመሪያ ያልገባት መሰለች። ስልኳን ከሐኪሟ እጅ ወሰደችና አንዱን ፎቶ አተኩራ አየችው።

"የቱን ነው የዘጋኸው?"

"ሁሉንም።"

"የልደቷንም?"

"የልደቷንም። አንቺን አልተቀየመችም። አንቺ ሳትመጪም እንዲሁ ነበረች።"

"እኔ እኮ በእነዚህ ነው ስኖር የነበረው" አለች። አልጮኸችም። ስልኩን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሐኪሟ የጻፈችውን ሰርዛ ፍላሹን ኮምፒውተሯ ላይ ሰካች። ሚስትየው ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች፤ ሚጣንም በእጇ ሳብ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ፎቶ አንሺው ደጅ ሆኖ ሊጠብቃቸው ብድግ አለ።

"ተቀመጥ" አለችው ፊቷን ሳታዞር። "አንድ በአንድ እያየን፣ መቼ እንዳነሣሃት ለዶክተሯ ትናገራለህ።"

ወንበሩን ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ።