ለሦስተኛ ጊዜ አልውጥም

ዙሌካ ቦንጋ ገበያ ውስጥ ኮረሪማ ስትነግድ ሃያ ዓመት አልፏታል። የሳንባ ነቀርሳ ይዟት፣ መድኃኒቷን ጨርሳ ከዳነች በኋላ ሦስት ዓመት ደህና ከረመች። ከዚያ ሳሉ ተመለሰ። ጤና ጣቢያው አክታዋ ላይ ምንም ባያገኝም «ቲቢው አገርሽቶ ይሆናል» ብሎ እንደገና ስድስት ወር ኪኒን አስዋጣት። አልተሻላትም። ዘንድሮ ክረምት ሲገባ ደም መትፋት ጀመረች፤ የጤና ጣቢያው ባለሙያም ያንኑ መድኃኒት ደግሞ ጻፈላት።

ወረቀቱን አልተቀበለችውም።

«አክታዬን ስንቴ መረመራችሁት?»

«ሦስቴ።»

«ቲቢ ተገኘ?»

«አልተገኘም፤ ግን...»

«እንግዲያው ለሦስተኛ ጊዜ አልውጥም! ያመመኝን ፈልጉልኝ።»

የሟች ባሏ ወንድም ከሚል ይህን ሲሰማ ተቆጣ። «ከሐኪም ጋር እልህ ትጋቢያለሽ? ልትሞቺ ነው'ኮ!»

«ብሞትም ምን እንደገደለኝ ሳላውቅ አልሞትም» አለችው። በማግስቱ የድሮ ራጆቿን በፌስታል ይዛ፣ በባጃጅ ሆስፒታል ሄደች።

ወንጌላዊት የምትባል ወጣት ሐኪም አዲስ ራጅ አስነሳቻትና ከድሮዎቹ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጣ ብዙ አየችው። ቲቢው በበላው ቦታ ቀዳዳ ቀርቷል፤ አሁን ደግሞ ቀዳዳው ውስጥ ድቡልቡል ነገር ተቀምጧል። የዙሌካን ደም ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ላከች። ውጤቱ ሲመጣ አስጠራቻት።

«እትዬ ዙሌካ፣ ፈንገስ ነው። ሻጋታ።»

«እህል ላይ የሚወጣው?»

«እሱው። ብናኙን ሁላችንም በየቀኑ እንተነፍሰዋለን፤ ነጭ የደም ሴሎቻችን ሳንባችን ውስጥ እየዋጡ ያጠፉታል። ቲቢው እርስዎ ሳንባ ላይ የተወው ቀዳዳ ውስጥ ግን ደም እንደልቡ ስለማይደርስ ሴሎቹ አላገኙትም። እዚያ አደገ።»

«ሰውነቴ ዝም ብሎ አየው ማለት ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! ይህን ፈንገስ የሚዋጋ አንቲቦዲ ደምዎ ውስጥ ሞልቷል፤ ያወቅንበትም በእሱ ነው። ሲታገል ነው የከረመው። መክሳትዎና ድካምዎም ከዚያው ነው።»

ዙሌካ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን ሳቀች። «ሰውነቴ እኔን ወጥቷላ!»

የፈንገስ መድኃኒት ጀመረች። ከሚል «ሻጋታው ከኮረሪማ መጋዘንሽ ነው፤ ዝጊው» ቢላት አልሰማችውም። ግድግዳውን አስፈርሳ ሁለት ሰፋፊ መስኮት አስወጣች፤ የሻገተውን ጆንያ ሁሉ አስጣለች፤ እርጥብ ኮረሪማ ይዞ የመጣውን ገበሬ ሁሉ «አድርቀህ ተመለስ» ትለው ጀመር። አፍንጫዋን በጭምብል ሸፍና ስትሸጥ የሳቁባትንም ከቁም ነገር አልቆጠረቻቸውም።

በሦስተኛው ወር ደሙ ቆመ። በስድስተኛው ሥጋ ለበሰች። ድቡልቡሉ ቢያንስም አልጠፋም፤ መድኃኒቱም ይቀጥላል።

አንድ ቀን ውጤቷን ይዛ ጤና ጣቢያው ሄደች። ባለሙያው ሁለት ጊዜ አነበበውና አንገቱን ደፋ። «የምርመራውን ስም ልገልብጠው? ሌላም እንደርስዎ የማይሻለው ታማሚ አለኝ።»

ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጻፍ» አለችው።