ፈቃድ ያጣ እንጉርጉሮ

«ዘፋኙ የፈቀደልሽ የራሱን ድምፅ ብቻ ነው» አለ የቴሌቪዥን ጣቢያው የሕግ ባለሙያ፣ የተፈረመውን ወረቀት እየመለሰላት። «የዘፈኑ ግጥምና ዜማ የማን ነው? ካሴቱንስ ያሳተመው ማን ነው? የሁለቱንም ፈቃድ ካላመጣሽ ፊልሙን አናስተላልፍም።»

ፊልም ሠሪዋ ደሟ ፈላ። ዘፋኙን ስንት ጊዜ ደጅ ጠንታ ነው ያገኘችው። ሽማግሌው «ዘፈኑ የኔ አይደለም እንዴ፣ ልጄ?» ብሎ ሳያቅማማ ፈርሞላት ነበር። እሷም ያንን አምና ፊልሙ እሑድ እንደሚታይ ለእናቷ ነገረች፤ እናቷ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ። ፊልሙ የእናቷ ታሪክ ነው፤ ዕድሜ ልኳን ስፌት መኪና ላይ አቀርቅራ ያንን አንድ ዘፈን ስታንጎራጉር የኖረች ልብስ ሰፊ። ዘፈኑ ከወጣ ምን ይቀረዋል?

አሳታሚውን ፍለጋ ወጣች። ሙዚቃ ቤቱ የነበረበት ሱቅ አሁን የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ይሸጣል። ባለቤቱ ግን ያው ሰውዬ ነው። የካሴቱን ቅጂ ብትጠቀሚበት ግድ የለኝም፣ ግጥምና ዜማው ግን የደራሲው ነው አላት። ደራሲው ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። ወራሹ አንዲት ልጁ ብቻ ናት፣ ጡረታ የወጣች መምህርት።

መምህርቷ በስልክ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማቻት።

«ፊልምሽ ላይ ዘፈኑን የማን ብለሽ ጻፍሽው?»

«የዘፋኙ ብዬ» አለች ፊልም ሠሪዋ።

«አየሽ፣ አባቴ ግጥሙንም ዜማውንም ሠርቶ፣ ካሴቱ ላይ እንኳ ስሙን ሳያይ ነው የሞተው። አንቺም ከእነሱ አትለዪም። አልፈቅድም» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

በንዴት ለሕግ ባለሙያው ደወለች። የካሴቱን ዘፈን ላውጣው፤ የእናቴ እንጉርጉሮ ብቻውን ቢቀርስ? አለችው። እሱ ቴፕ ላይ እንደተቀዳ ድምፅ ያንኑ ደገመላት፤ ማንም ያንጎራጉረው ዜማው ያው ዜማ ነው።

«በገዛ አፌ?» አለች እናቷ ልጇ ይህን ስትነግራት፣ መርፌ ላይ ክር እያስገባች። «ይህን ሁሉ ዘመን ሳንጎራጉር ማን ከለከለኝ?» ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገች። «ለመሆኑ ዜማውን የሠራው ሰውዬ ማን ይባላል?»

ነገረቻት። እናቷ ስሙን ደጋግማ አለችው። «አላውቀውም» አለች በመጨረሻ፣ እንዳፈረች ሁሉ።

ፊልም ሠሪዋ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች። ከሁሉም በላይ ያበገናት መምህርቷ እውነቷን መሆኑ ነው። የካሴቱን ዘፈን አወጣችው፤ የእናቷንም ድምፅ ዘጋችው። እንጉርጉሮውና የስፌት መኪናው ድምፅ አንድ ላይ የተቀረጹ ስለነበሩ ሁለቱም አብረው ጠፉ። የመኪናው ጎማ ይዞራል፣ የእናቷ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ምንም አይሰማም። ከምስሉ ሥር የዘፋኙን ስም አጠፋችና የደራሲውን ስም ከነአባቱ ጻፈች፤ «እናቴ የምታንጎራጉረው የእሱን ዜማ ነው» ብላ ጨመረችበት።

እንደዚያው ለጣቢያው ላከችው።