የበረዶ ገና በጎፋ

የጎፋው ቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ገሠሠ አንድ ጊዜ ቡልጋሪያ ደርሶ መጥቷል። የተላከው ስለ ኅብረት ሱቅ አያያዝ እንዲማር ነበር። ሲመለስ ሱቁ ያው የድሮው ሱቅ ሆኖ ቀረ፤ ስኳር ሲመጣ ሳሙና ይጠፋል፣ ሳሙና ሲመጣ ስኳር ይጠፋል። እሱ ግን ስለ በረዶ ማውራት ጀመረ። እዚያ አገር ውሃው እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል፣ ሰዉ ከሥሩ ስለት ያለው ጫማ አድርጎ ይንሸራተትበታል፣ ዱላ ይዞ እንደ ገና ያለ ጨዋታ ይጫወትበታል ይለን ነበር። እሱም ተጫውቶ ጎል አግብቷል። በስብሰባ ላይ ከጽዳት ዘመቻ ይነሳና በረዶ ላይ ይደርሳል፤ ከመሠረተ ትምህርት ይነሳና በረዶ ላይ ይደርሳል። ሆዱ ቀበቶው ላይ የተኛ፣ የጽሕፈት ቤቱን ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ ሰው በስለት ላይ ቆሞ ሲበር ለማሰብ ሞክረን አልሆነልንም። ቢሆንም ባወራ ቁጥር ራሳችንን እንነቀንቅለት ነበር።

ሙፊዳና ወንድሟ ዑስማን ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ባለች ቤት ይኖሩ ነበር። እናት አባታቸው ካረፉ ወዲህ ሙፊዳ ልብስ እየሰፋች አሳድጋዋለች። ዑስማን አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ሥራ አጥቶ ተቀምጧል። በ1980 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በአሰብ መስመር የጭነት መኪና የሚነዳው አጎታቸው ከአንድ መርከበኛ ያገኘውን፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚሰካ የጨዋታ ማሽን አመጣላቸው። አብሮት የመጣው ካሴት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የበረዶ ላይ ገና ሆነ።

ቴሌቪዥናቸው ጥቁርና ነጭ ስለነበር አንዱ ቡድን ነጭ፣ ሌላው ግራጫ ለብሶ ይታያል። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ተጫዋቾችህን ትመርጣለህ፤ ቀጭን አለ፣ መካከለኛ አለ፣ ወፍራም አለ። ቀጭኑ እንደ ነፋስ ይበራል፣ ግን ትንሽ ሲገፉት ይዘረራል። ወፍራሙ በዱላው ሲመታት ጥንጓ ከዓይን ትሰወራለች፣ የገጨውም ሁሉ ይወድቃል፤ እሱ ዞር እስኪል ድረስ ግን ሌላው ደርሶ ይመለሳል። የመምቻውን ቁልፍ ተጭነህ በቆየህ መጠን ምቱ ይበረታል። ሁለት ሰዎች በጥንጓ ከተናነቁና ካልተላቀቁ የቀሩትም ይደርሱና ድብድብ ይሆናል፤ ዳኛው መጥቶ ከተሸነፈው ወገን አንዱን ወደ ቅጣት ወንበር ይልካል። ብዙ ሰው ቶሎ የማይገባው የበረኛው ነገር ነው። አጥቂህን የሚያንቀሳቅሰው ቁልፍ በረኛህንም ያንቀሳቅሰዋል። አጥቂህን ወደ ላይ ስትልክ በረኛህም አብሮ ወደ ላይ ይሄዳል፤ የጎልህ የታችኛው ጥግ ክፍቱን ይቀራል።

ወንድምና እህት ማታ ማታ ይጫወቱ ጀመር። ዑስማን ፈጣን ነበር፤ ሙፊዳ ግን ትታገሣለች። በረኛው ቦታውን እስኪለቅ ጠብቃ ነው የምትመታው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዑስማን እሷን ማሸነፍ አቃተው።

የጎረቤቱ ወሬ ጓድ ገሠሠ ጆሮ ሲደርስ ከሁለት የአብዮት ጥበቃ ዘቦች ጋር መጣ። ቆሞ አየ። የግል መዝናኛ የንዑስ ከበርቴ ጠባይ እንደሆነ፣ እንዲህ ያለው ነገር ለሰፊው ሕዝብ መቅረብ እንዳለበት አስረዳቸው። ማሽኑ በዚያው ዕለት ወደ ቀበሌው አዳራሽ ተወሰደ፤ ዑስማንም እሑድ እሑድ እየመጣ እንዲያዘጋጅና እንዲያጫውት ታዘዘ። ሰፊው ሕዝብ ጓድ ገሠሠ ሆኖ ተገኘ። አግዳሚ ላይ ደርድረውን እሱ ሲጫወት እናይ ነበር።

በመጀመሪያው እሑድ ሊቀመንበሩ ተነሥቶ፣ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ነው የሚባለው፤ የቻለ ያሸንፈኝ" አለ። ከላፍቶ በኩል የመጣው የገበሬ ልጅ ዲንሳ ቃሉን እውነት አድርጎ ወሰደውና አሸነፈው። ጓድ ገሠሠ ሳቀ፣ ትከሻውንም መታ መታ አደረገው። ከዚያ ወዲህ የሌሊት የአካባቢ ጥበቃ ተራ በወጣ ቁጥር የዲንሳ ስም አይቀርም ነበር። የክረምቱን ዝናብ ደጅ ቆሞ አሳለፈው፣ ሳንባውን ታመመ፣ ዘመዶቹም መጥተው ወሰዱት። ከዲንሳ በኋላ ጓድ ገሠሠን ያሸነፈ አልተገኘም።

ሰውየው ደግሞ መጫወት አያውቅም። የመረጣቸው ሁሉ ወፍራሞች ናቸው። ግራጫውን ቡድን ይይዝና ቀይ ነው ይለናል። ከጥንጓ ይልቅ ሰው መግጨት ይወዳል፤ ድብድብ ሲነሳ ቁልፉን ከሚገባው በላይ እየደበደበ ከወንበሩ ይነሳል። የበረኛውን ነገር ወራት አልፈውም አልገባውም። ጎሉን ክፍት ጥሎ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ተቃራኒው ግን እያየ አይመታም። ለእንዲህ ያለ ሰው ለመሸነፍ ጥበብ ያስፈልጋል፤ ያ ጥበብ ደግሞ ዑስማን ዘንድ ነበር። ጥንጓን ይዞ እስከ ጎሉ አፍ ይደርስና ያመልጠዋል። ቀጭን ልጆቹን ወስዶ ከወፍራሞቹ ጋር ያጋጫል። አንዳንዴም ጨዋታው እውነት እንዲመስል አንድ ሁለት ጎል ያገባል። ጓድ ገሠሠ ባሸነፈ ቁጥር የቡልጋሪያው ወሬ አንድ ምዕራፍ ይጨመርበታል።

አንድ እሑድ ሙፊዳ አዳራሹ ገብታ ከኋላ ቆመች። ወንድሟ ጎል ሲገባበት፣ የመጫወቻውን እጀታ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ከሁላችንም ቀድሞ ሲያጨበጭብ አየችው። ጨዋታው ሳያልቅ ወጣች።

ማታ ራቱን አቀረበችለት። እስኪበላ ጠብቃ፣ "መሸነፉስ ይሁን፤ ማጨብጨቡን ማን አዘዘህ?" አለችው።

ዑስማን የብሔራዊ ውትድርናው ኮታ እንደመጣ፣ የሚሄደውን የሚመርጠው ገሠሠ እንደሆነ ነገራት። እንደ እሱ ያሉት ልጆች አንድ በአንድ እየተለቀሙ እሱ እስካሁን የቀረው በምን እንደሆነ እንድታስብ ለመናት። ሙፊዳ ሳህኑን አንስታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ልብሱን እያጠበች፣ ምግቡን እየሠራች ፊቱን ግን አታየውም ነበር። ደንበኞቿ ስለ ወንድሟ ደኅንነት ሲጠይቋት፣ "እያጨበጨበ ነው" ትላቸዋለች። ይህንንም እሱ በሚሰማበት ነበር የምትለው።

በነሐሴ መጨረሻ አዲስ ኮታ መጣ፤ ዑስማን ተጠራ። ስህተት መስሎት ሸሚዙን ቀይሮ፣ ፈገግ ብሎ ሄደ። እሷም በር ላይ ቆማ በንቀት አየችው። ሊቀመንበሩ ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጦ፣ ደጅ የቆሙት ሰዎች ሁሉ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረው።

"ሆን ብለህ እንደምትሸነፍልኝ የማላውቅ ይመስልሃል? ገና ከመጀመሪያው እሑድ አውቄአለሁ። ለእኔ የዋሸ ለአገሩም ይዋሻል። ግንባር ያስተምርሃል።"

ዑስማን እዚያው ከተሰበሰቡት ጋር መኪና ላይ ተጫነ። ሙፊዳ ወሬውን ሰምታ ስትሮጥ ብትመጣ መኪናው በቄራ በኩል ሄዷል። ደጁ ላይ የነበሩት ሴቶች የተባለውን ቃል በቃል ነገሯት። ሰውየው ማወቁን ስትሰማ ነው ግድግዳ ተደግፋ የተቀመጠችው። ወንድሟ ሲያጎበድድ እሱ እያወቀ፣ ሲያጨበጭብ እያወቀ፣ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው በደስታ ሲጫወትበት ኖሯል። ለወንድሟ የነበራት ንቀት ለእውነተኛው ባለቤቱ ለገሠሠ እንደሚገባ ያን ቀን ገባት።

የአብዮት በዓል ደረሰ። ጓድ ገሠሠ የአካባቢውን ቀበሌዎች ከሚያዘው ከከፍተኛው ትልቅ ሰው ጋብዞ የቀበሌውን የወጣቶች እንቅስቃሴ ሊያሳይ ተሰናድቷል፤ አዳራሹ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኗል፣ ማሽኑም መሀል ላይ ተቀምጧል። ሽቦውን የሚያውቅ ሰው ግን ጠፋ። የሚያውቀውን ራሳቸው ናቸው ግንባር የላኩት። ዘቦቹ እየሮጡ ሙፊዳን ጠሯት። መጣች፣ ሰካካች፣ ነጩና ግራጫው ቡድን ታየ። እንግዳው ከሊቀመንበሩ ጋር የሚጫወተው ማን እንደሆነ ጠየቀ። አግዳሚ ላይ የነበሩት ወጣቶች ሁሉ ወደ መሬት አዩ።

"እኔ ነኝ" አለች ሙፊዳ።

ጓድ ገሠሠ ሊከለክላት አልቻለም። አሁን ገና ስለ ሴቶች እኩልነት ረጅም ንግግር አድርጎ ነው የተቀመጠው። እንግዳውም ደስ አለው፤ ይጫወቱ አለ።

ገሠሠ እንደ ልማዱ ወፍራሞቹን አሰለፈ። እሷ ቀጫጭኖቹን ወሰደች። መጀመሪያ ላይ ሁለት ሦስቴ ገጭቶ ጣላት፣ ወደ እንግዳውም ዞር ብሎ ፈገግ አለ። ከዚያ ጥንጓን ይዞ በላይኛው ጥግ ሲሄድ ጠብቃ ነጠቀችው። በረኛው አብሮ ወደ ላይ ሄዷል። የእሷ ቀጭን ሰው ብቻውን በታች በኩል በረረ፣ ጎሉ አፍ ላይም ሳይቸኩል ነካ አደረጋት። ገባ።

ሙፊዳ ፊቷ ላይ ምንም አልታየም። ሁለተኛውንም እንደዚያው አገባች፣ ሦስተኛውንም። እሱ ሲናደድ ግጭት መረጠ፤ እሷም ሆን ብላ ጥንጓ ላይ ትተናነቀው ጀመር። ድብድቡ ሲነሳ እሱ እንደ ልማዱ ቁልፉን ይደበድባል፣ እሷ ጊዜውን ጠብቃ ትጫናለች፣ ዳኛው የእሱን ሰው ጎትቶ ወደ ቅጣት ወንበር ይወስዳል። አንድ ወፍራም ወጣ፣ ሌላው ተከተለው። ሜዳው ላይ የቀሩት ወፍራሞች ቀጫጭኖቹን ለመያዝ ሲዞሩ ጎል ሆኗል።

መጀመሪያ የሳቀው እንግዳው ነው። ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። እሱ ስለሳቀ ዘቦቹ ሳቁ፤ ዘቦቹ ስለሳቁ እኛም ሳቅን። ያን ያህል ዘመን ያጨበጨብን ሰዎች፣ አለቃው ሲፈቅድልን ደግሞ ሳቅን። ጓድ ገሠሠ ማሽኑ ተበላሽቷል ብሎ እጀታውን ሊያስቀምጥ ሲል እንግዳው እጁን አነሳ።

"ጓድ ገሠሠ፣ ቡልጋሪያን የምታውቅ አንተ አይደለህ? ጨርስ እንጂ።"

ጨረሰ። አንገቱ ስር ላብ እየወረደ፣ ወደ መጨረሻው ቁልፉን እንኳ መጫኑን ትቶ፣ የገቡበትን ጎሎች እያየ ጨረሰ።

ሲያበቃ እንግዳው ተነሥቶ ሙፊዳን ጨበጣት፣ እንዲህ ያለ ዕቃ በአንድ ቀበሌ ተወስኖ መቅረት እንደሌለበትም ተናገረ። ማሽኑ ወደ ከፍተኛው ይዛወራል። ጓድ ገሠሠ በገዛ እጁ ሽቦውን ጠቅልሎ፣ ካርቶኑን ተሸክሞ፣ የእንግዳው መኪና ውስጥ አስገባው፤ በሩንም ዘጋለት።

ከመኪናው ሲመለስ ሙፊዳ ደረጃው ላይ አገኘችው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወንድሟን ሊያስመልስላት አስቦ እንደነበር፣ አሁን ግን በገዛ እጇ እንዳበላሸችው ነገራት። ሊናደዱበት እንኳ የሚበቃ ሰው አልመሰላትም። "አንተ ያን ካርቶን እንኳ ማስቀረት አልቻልክም" አለችውና ሄደች።

ገሠሠ የራሽን ካርዷን ቀማት። ስንት ወር ከኅብረት ሱቁ ምንም ሳታገኝ ቆየች፤ ጎረቤቷ ጋሽ ቀጄላ የራሱን ስኳርና ዘይት ከፍሎ በአጥሩ በኩል ያቀብላት ነበር። የዑስማን ወሬ ከሰሜን አልፎ አልፎ ይመጣል፣ ከዚያም ጠፋ። እሷም ልብስ መስፋቷን አላቋረጠችም።

በ1983 ግንቦት ሥርዓቱ ወደቀ። ዑስማን ሐምሌ ላይ በእግሩ ገባ። ከስቷል፤ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች የሉም። ጥቂት ቀን ሲተኛ፣ ሲበላ፣ ሲጠጣ ሰነበተ። ከዚያ ሙፊዳ ነገሩን ሁሉ ነገረችው፤ ጎሎቹን፣ ሳቁን፣ የሰውየውን ላብ። ደስ የሚለው መስሏት ነበር። ዑስማን ተናግራ እስክትጨርስ ሰማት።

"እትዬ፣ አንቺ አንድ ቀን አሸነፍሽ" አላት። "እኔ በየእሑዱ እየተሸነፍኩ ያን ሁሉ ወር እዚህ ቤት አደርኩ። ቀድመውኝ ከሄዱት የክፍል ጓደኞቼ የተመለሰ የለም። ፊትሽን ስታዞሪብኝ ከርመሽ፣ አንድ ቀን እንኳ ይህን አስበሽዋል?"

ሙፊዳ ተነሣች። ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ጣቶቹ የጎደሉትን እጅ ያዘች፤ እሱም አልከለከላትም። ከዚያ ወዲህ የጨዋታው ነገር በቤታቸው ውስጥ አልተነሳም። ዑስማን የአጎቱ መኪና ላይ ረዳት ሆነ።

ጓድ ገሠሠ ጥቂት ወራት ታስሮ ተፈታ። ጓድ የሚለውን እሱ ራሱ ነው ቀድሞ የተወው። ጋሽ ቀጄላ ያረፈ ጊዜ ገሠሠ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ መሀል ላይ ተቀምጦ፣ ያን ሥርዓት ከውስጥ ሆኖ ሲታገለው እንደኖረ ያወራ ነበር። ዑስማን መግባቱን ሲያይ ወሬውን ወደ እሱ አዞረ። በዚያ የአብዮት በዓል ቀን ለእህቱ ሆን ብሎ እንደተሸነፈላት፣ ወንድሟ ስለሄደባት አዝኖ፣ ሕዝቡም እንዲስቅ ብሎ እንዳደረገው ተናገረ። ሁለት ሦስት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁለት።

ዑስማን የቀረበለትን ንፍሮ ሳይነካ መሬት ላይ አስቀምጦ ወጣ። ሙፊዳም ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ ተከተለችው። ወደ ቤት ሲሄዱ እሱ ነገ ሌሊት ወደ አሰብ እንደሚወጡ ነገራት፤ እሷም ለመንገድ የሚይዘው ሹራብ እጅጌው ስለተተረተረ ዛሬውኑ እንዲሰጣት አዘዘችው።