ክንፍ የሌለው ማራገቢያ

ሰው ከኋላዋ ቆሞ ሲያያት መምህሯ ታውቃለች። ዕድሜዋን ፊቷን ለሰሌዳ፣ ጀርባዋን ለተማሪ ሰጥታ የኖረች ሴት ናት፤ ማን ማስቲካ እንደሚያኝክ፣ ማን የጎረቤቱን ወረቀት እንደሚሰርቅ ሳትዞር በስሙ ትጠራ ነበር። ጡረታ ወጥታ ልጇ ቤት ከገባች ወዲህ ይህ ችሎታዋ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። አንድ ጠዋት ግን የታጠቡ ካልሲዎችን ፍሪጁ ጀርባ፣ ያ ሙቀት የሚተፋው ጥቁር ሽቦ ላይ እየደረደረች ሳለ ማጅራቷን በላት። በኩሽናው በር ክፍተት አንድ ዓይን ይታያል። የልጇ ባል ዓይን ነው።

አማቿ ልጇን ካገባ ጀምሮ «እንደምን አደሩ እማማ» እና «እንደምን አመሹ እማማ» ከሚሉት ውጪ ቃል ያልተነፈሰላት ሰው ነው። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የሚያወራው ስለማያገኝ ነው። ያን ጠዋት ስልኩን አውጥቶ ካልሲዎቹን ፎቶ አነሳና በጫማው ጫፍ እየረገጠ ሄደ።

ነገሩ ግልጥ የሆነላት ልጇ ከሥራ ስትመለስ ነው።

«እማዬ፣ ባለቤቴ ዛሬ ቢሮው ውስጥ ተጨበጨበለት» አለች ልጅቱ ቦርሳዋን ሳታወርድ። «ልብስ የሚያደርቅ ፍሪጅ ፈለሰፈ።»

«እሰይ። ከየት አመጣው?»

«በሕልሜ መጣልኝ ይላል።»

መምህሯ ሻይዋን ፉት አለች። ሕልሙ ካልሲም ያጥባል ማለት ነው፣ አለች በሆዷ።

አማቿ የሚሠራው የቤት ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ፣ አዳዲስ ዕቃ የሚፈለሰፍበት ክፍል ነው። የክፍሉ ኃላፊ አንድ ሥልጠና ወስዶ ከተመለሰ ወዲህ፣ ዓለም ላይ አዲስ የተባለ ዕቃ ሁሉ ከአምስት መንገድ በአንዱ የመጣ ነው ብሎ አምኗል። መንገዶቹንም በትልልቅ ፊደል አስጽፎ ግድግዳው ላይ ለጥፏቸዋል፤ ቀንስ፣ ክፈል፣ አብዛ፣ ደርብ፣ አገናኝ። ዋናውን ነገር ቀንስና የቀረው ምን እንደሚረባ ፈልግ። ቆርጠህ ሌላ ቦታ አስቀምጠው። ያለውን ድገመው፣ ግን እንደ ወንድሙ አታድርገው። አንዱ ዕቃ የሌላውን ሥራ ደርቦ ይሥራ። የማይተዋወቁትን አስተዋውቃቸው። ኃላፊው ራሱ አብልጦ የሚወደው የመጀመሪያውን በመሆኑ፣ ሠራተኞቹ በሌለበት «ቀንስ» እያሉ ይጠሩታል። ከመነጽሩ አንዱን ማንጠልጠያ ቀንሶ ሲሄድበት ሰንብቷል፣ አንገቱ የተጣመመው ያኔ ነው ይባላል።

ካልሲው የመምህሯ ሆኖ ጭብጨባው የሌላ ሰው መሆኑ አልቆረቆራትም አይባልም። ግን ቂም መያዝ አታውቅበትም። በማስተማር ዘመኗም ኮራጅ ስታገኝ ወረቀቱን አትቀማም ነበር፤ ጎበዙን ተማሪ ጠጋ ብላ «አንድ ሁለቱን አሳስትለት» ትለዋለች እንጂ።

በማግስቱ መጥረጊያውን ለሁለት ከፍላ፣ ሳሎኑን በሁለት እጇ እንደ ዋናተኛ እየቀዘፈች ጠረገች። በሩ ክፍተት ላይ ያለው ዓይን ፈጠጠ። ቀጥላ መነጽሯን ፍሪጅ ውስጥ እንቁላሎቹ ጎን አስተኛችና «ዓይን እኮ የሚደክመው ሲግል ነው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን፣ ግን ኮሪደር ድረስ በሚሰማ ድምፅ። ሌላ ቀን የቴሌቪዥኑን ሪሞት ከድስቱ ክዳን ጋር በገመድ አሰረችው። ቴሌቪዥን መክፈት የፈለገ ድስቱን ማየት ግድ ሆነበት። ልጇ «እማዬ ደህና ነሽ ግን?» ስትላት፣ «ደህና ነኝ፣ ምን ሆንኩ» አለቻት። እውነትም ደህና ነበረች። ጡረታ ከወጣች ጀምሮ እንዲህ በጥሞና የተከታተላት ሰው አልነበረም።

ማራገቢያው የመጣው እንዲህ እየቀለደች ሳለ ነው። ሙቀቱ አላስቀምጥ ያለበት አንድ ከሰዓት በኋላ ካቻቢቴ አነሳች፤ የማራገቢያውን የፊት ሽቦ ፈታች፣ ክንፉን ነቅላ ሶፋ ሥር ወሸቀችው፣ ሽቦውን መልሳ ገጠመችና አብርታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሞተሩ ባዶውን ያጉረመርማል። ነፋስ የሚባል የለም። እሷ ግን የቀሚሷን አንገት ላላ አድርጋ፣ ላቡ በጆሮ ግንዷ እየወረደ፣ «እፎይ» አለች። «አሁን ገና ሰው ሆንኩ።»

«ቀንስ» አለ ከበሩ ኋላ የታፈነ ድምፅ። መምህሯ ሳቋን ለመዋጥ ምላሷን ነከሰች።

ሰኞ ማታ ልጇ ፊቷ ጠቁሮ ገባች።

«አንቺ፣ ማራገቢያው ላይ ክንፍ የለም?»

«ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ባለቤቴ ክንፍ የሌለው ማራገቢያ አቀረበ። ቀንስ ተነሥቶ አቅፎታል። የሽያጭ ኃላፊው ደግሞ እስኪያነባ ስቆበታል፤ ያ ‹አይሸጥም› የሚሉት። ‹ነፋስ የማይሰጥ ማራገቢያ፣ ውሃ የማይይዝ ባልዲ፤ ከዚህ ቀጥሎ ምንድነው?› ብሎታል። ባለቤቴ ሲጨንቀው ‹አማቴ በየቀኑ የምትጠቀምበት ነው› አለ። ቅዳሜ ሊያዩሽ ይመጣሉ።»

«እኔን?»

«አንቺን። ጠቃሚ መሆኑን ዓይናቸው ካላየ ክፍሉ ይዘጋል፣ እሱም ድንበር አጠገብ ያለው መጋዘን ይመደባል። ሕፃኗን ይዘን እንሄዳለን እንግዲህ፤ ምን እናደርጋለን። ላንቺ እዚያ የሚሆን ክፍል ደግሞ የለም።»

መምህሯ እጇ ላይ የያዘችውን ፎጣ ሁለቴ አጣጠፈችው። ቀልድ ነበር ብትል አማቿ ፋብሪካው ሁሉ የሚስቅበት ሰው ሆኖ ይቀራል። ዝም ብትል ደግሞ ልጇም፣ የልጅ ልጇም ይሄዳሉ። የቀራት አንድ መንገድ ነው፤ ይህ የማይረባ ነገር ምን እንደሚረባ ማግኘት።

ሳምንቱን ሙሉ ሞከረች። ዝንብ ያባርር እንደሆነ አየች፤ ዝንቧ መጥታ ሽቦው ላይ አረፈች። የረጠበ መሐረብ ሰቀለችበት፤ እንደረጠበ ዋለ። ሽንኩርት ስትልጥ ፊቷ አቆመችው፤ አለቀሰች፣ ግን ያ የሽንኩርቱ ነው። አማቿ ይህን ሁሉ በክፍተቱ እያየ ተስፋው ይለመልማል። የእሷ ተስፋ ይጠወልጋል።

ቅዳሜ ልክ ከምሳ በኋላ መጡ። ቀንስ ቀጭን፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን የሰበረ ሰው ነው። አይሸጥም ደግሞ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ ከሆዱ አልፎ ሐሳቡም የጠገበ ሰው ነበር፤ ሶፋው ላይ ሲቀመጥ ቀንስ ከወዲያ ጫፍ ከፍ አለ። አማቿ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ ፊቱ ወረቀት መስሏል።

«እሺ እናታችን፣ ያሳዩን» አለ አይሸጥም።

መምህሯ ማራገቢያውን አበራችው። አጉረመረመ። ሁሉም ነፋስ ጠበቁ።

«ምን ይሰማዎታል?» አለ ቀንስ፣ በጉጉት።

ውሸት ሞልቷት ነበር፤ ስትፈልገው ግን አንዱም አልመጣላትም። «ድምፅ» አለች።

«ድምፅ» አለ አይሸጥም። ወደ ቀንስ ዞረ። «ሰማህ? ደንበኛዬን ‹ጌታዬ፣ እነሆ ጫጫታ ይግዙኝ› ልበለው?»

«ጫጫታ እንኳ አይደለም» አለች መምህሯ። ሌላ የምትለው ስላልነበራት፣ ጊዜ ለመግዛት፣ ከሰዓት በኋላ ክፍል ታስተምርበት በነበረው ድምፅ ስለ ድምፅ ዓይነቶች ታስረዳቸው ጀመር። ጎርበጥ የሚል አለ፣ ከፍ ዝቅ የሚል አለ፣ ደግሞ እንደዚህ የማይጎረብጥ፣ የማይቋረጥ፣ ሌላውን ድምፅ ሁሉ እንደ ብርድ ልብስ የሚሸፍን አለ። ማብራሪያዋን ሳትጨርስ የአይሸጥም አገጭ ደረቱን ነካ።

ዓይኗን አላመነችም። ንግግሯን አቆመች። ሰውየው አልተንቀሳቀሰም። ማንኮራፋት ጀመረ።

«እንቅልፍ ወስዶታል» አለ ቀንስ በሹክሹክታ።

መምህሯ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ማራገቢያውን አጠፋች። የመንገዱ መኪና፣ የጎረቤት በር፣ የልጆች ጩኸት ባንዴ ገባ። አይሸጥም ዓይኑን ገልጦ «ልክ ነው፣ እየሰማሁ ነው፣ ይቀጥሉ» አለ። መልሳ አበራችው። ሰውየው ወደ መጣበት ተመለሰ።

«አንዴ ድገሚው» አለ ቀንስ፣ ከደስታው የተነሣ አንቺ እያላት።

አጠፋች፤ ነቃ። «ዋጋውን ነው የማስበው» አለ። አበራች፤ ተኛ። አማቿ ከግድግዳው ተላቆ ተጠጋ፤ እሱም ማዛጋቱን በእጁ ያዘው።

መምህሯ ግን ተማሪዎቿን አሳምራ ታውቃለች፤ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ተኝቻለሁ ያለ ሰው አላየችም። ጎንበስ አለችና ከሶፋው ሥር ክንፉን አውጥታ በሰውየው እቅፍ ውስጥ፣ እንደ ሕፃን፣ ቀስ ብላ አስቀመጠችው። እጁ ራሱ መጥቶ አቀፈው። ከዚያ አጠፋችው።

አይሸጥም ነቃ። እቅፉን አየ። «ይሄን ማነው የሰጠኝ?»

«እኔ ነኝ» አለች መምህሯ። «ሲቀበሉኝ አመሰግናለሁ እንኳ ብለዋል።»

ሰውየው ክንፉን አገላበጠው። ቀንስን አየ፣ አማቿን አየ፣ መምህሯን አየ። ማንም አልሳቀለትም፤ ይህም ከሳቅ የባሰ ሆነበት። በመጨረሻ ከረቫቱን አቀና።

«የሕፃናት ክፍል ውስጥ» አለ ቀስ ብሎ። «ብርድ የማይመታበት። ሚስቱ የምታንኮራፋበት ባልም ይገዛዋል። ስሙ ‹እሹሩሩ› ይባላል። ሐሳቡ ዓይኔን ጨፍኜ ሳለ የመጣልኝ ነው፤ ይመዝገብልኝ።»

«ይመዘገባል» አለ ቀንስ።

እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ መምህሯ አማቿን ጠራችው። ልቧ አላርፍ አላት።

«ና ልጄ፣ ቁጭ በል። አንድ ነገር ልንገርህ። ማራገቢያው ቀልድ ነበር።»

«የቱ ማራገቢያ?»

«ስንት አለን? በበሩ ክፍተት እንደምታየኝ አውቅ ነበር። ላሞኝህ ብዬ ነው ክንፉን የነቀልኩት።»

አማቿ ጆሮው ቀላ። አቀረቀረ። ከዚያ ቀና ሲል ፊቱ ላይ ሐኪም ለበሽተኛ የሚያሳየው ዓይነት ፈገግታ ነበር።

«እማማ፣ ቀልድ የመሰለው ለእርስዎ ነው።»

«እንዴት?»

«ዝም ብሎ የሚቀልድ ሰው መሰኪያውን ይነቅላል፣ ቁልፉን ይደብቃል። እርስዎ ክንፉን ብቻ ቀንሰው ሞተሩን ተዉት። ልክ እሱን። በደመ ነፍስ ነው። እውነተኛ ፈልሳፊ ራሱን አያውቅም።»

«መጥረጊያውስ?»

«እየሠራንበት ነው።»

«ሪሞቱስ? ከድስት ክዳን ጋር ያሰርኩት?»

ኮሪደሩን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሱ ለጊዜው ምስጢር ነው። ለጎረቤት እንዳያወሩ።»

መምህሯ አየችው። ከተዋወቁ ጀምሮ ይህን ያህል ተነጋግረው አያውቁም። «እንግዲያው አትሄዱም ማለት ነው?» አለችው።

«የት እንሄዳለን እማማ፤ ቢሮዬ እኮ እዚህ ነው» አለና በአገጩ ኩሽናውን አሳያት።

የተሳሳተ ተማሪ ሳታርም አልፋ አታውቅም። ልታርመው አፏን ከፈተች። ያኔ ልጇ ኮሪደር ላይ ሆና ሕፃኗ ከምትውልበት መዋለ ሕፃናት ጋር በስልክ ስታወራ ሰማች፤ «አዎ፣ ሐሳባችንን ለውጠናል፣ በሚቀጥለው ዓመትም እናንተው ጋ ናት።» መምህሯ አፏን ዘጋችና ለአማቿ ሻይ ቀዳችለት።