ዘጠነኛ ክፍል እዚሁ

ዘይቱና ልጅ ሳለች የመንደራቸው ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ላይ ያበቃ ነበር፤ የእሷም ትምህርት እዚያው ላይ ቀረ። በኋላ ወላጆች ድንጋይና እንጨት እያዋጡ፣ ወረዳው መምህራን እየላከ፣ ትምህርት ቤቱ እስከ ስምንተኛ አደገ። ዘንድሮ ልጇ ነቢላ ስምንተኛን ጨረሰች። ከዚያ በላይ ለመማር ግን ሲሬ ከተማ ቤት ተከራይታ ብቻዋን መኖር ሊኖርባት ነው።

«ልጄን ለብቻዋ አልሰድም» አለ አባቷ ነስረዲን።

«እንደ እኔ ትቅር ነው የምትለው?» አለች ዘይቱና። በዚህ ነገር ባልና ሚስቱ ተኮራርፈው ከረሙ።

በወላጆች ስብሰባ ላይ ርዕሰ መምህሩ አቶ ዲሪባ ተነሱና፣ «ወረዳው ፈቅዶልናል፤ ከመስከረም ጀምሮ ዘጠነኛ ክፍል እዚሁ ይከፈታል» አሉ።

ዘይቱና በትክክል የሰማች አልመሰላትም። «መምህር፣ እስቲ እባክዎ ይድገሙልኝ» አለች።

ደገሙላት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ነስረዲን ከወንዶቹ መሃል ተነስቶ አጠገቧ መጣ።

«አልሐምዱሊላህ!» አላት በቀስታ። «እኔም እኮ እንቅልፍ አጥቼ ነበር የከረምኩት።»

ስብሰባው እስኪያልቅ አልጠበቁም፤ ነቢላን ሊያበስሯት ተያይዘው ወጡ።