ኤሊ ለምን ሥራ አይፈታም?

ሥራ ሲጠፋ የማይጠፋ ነገር ቢኖር ወሬ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከሕንፃ መሣሪያ መደብሩ ግድግዳ ሥር እንሰበሰባለን፦ ቀለም ቀቢው፣ ብረት በያጁ፣ አናጢው፣ እኔ ቧንቧ ሠራተኛው። ሣጥናችንን ከፊታችን አስቀምጠን አላፊ አግዳሚውን ዓይን ዓይኑን እናያለን። ድሮ ገና ሳንቀመጥ የሚጠራን አይጠፋም ነበር። አሁን ግን ተጀምረው የቀሩ ፎቆች ብረታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው ቆመዋል። አልፎ አልፎ የሚመጣውም ሰው ዋጋ ይጠይቅና «እስቲ ላስብበት» ብሎ ይሄዳል። ሲያስብ ይኸው ሦስት ወር ሞላው።

እኔ ደግሞ ቀን ተቆርጦብኝ ነበር። አማቼ፣ የሚስቴ ታላቅ ወንድም፣ አንድ መጋዘን ውስጥ የጥበቃ ሥራ አግኝቶልኝ «እስከ ቅዳሜ መልስህን ንገረኝ፤ ከዚያ ካለፈ ለሌላ ሰው ይሰጣል» አለኝ። ሚስቴም ቃል አስገባችኝ፤ እስከ ቅዳሜ በሙያዬ ሥራ ካላገኘሁ እሺ ልል፣ መሣሪያዎቼም ሊሸጡ። ጥበቃ መሆን ነውር አይደለም፣ ሠርቶ መብላት ነው። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃን በፈለግኩት መንገድ ስመራ የኖርኩ ሰው፣ በር ላይ ተቀምጬ የሚወጣ የሚገባ መኪና ስመዘግብ እንደምውል ሳስበው አይዋጥልኝም። አማቼ እንደሆነ እህቱን ካገባሁበት ቀን ጀምሮ «ይህ ቧንቧ የትም አያደርስህም» እንዳለኝ ነው። እንግዲህ እልኬን አስቡት።

ከኛ መሀል ግድግዳው ሥር የማይቀመጥ አንድ ሰው ብቻ አለ። ሴራሚክ የሚያነጥፈው፣ ኤሊ የምንለው። ሌላው ሁለት መታጠቢያ ቤት በሚጨርስበት ጊዜ እሱ አንዱን ገና እየለካ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል የሰማ አንድ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ታዲያ ይህ ሰው ሥራ አይፈታም! በየቀኑ ሣጥኑን አንጠልጥሎ በፊታችን ያልፋል፣ «እንዴት አደራችሁ» ይለናል፣ ይሄዳል።

«ትልቅ ቦታ ዘመድ አለው» አለ ቀለም ቀቢው።

«የለም፣ በግማሽ ዋጋ ነው የሚሠራው» አለ አናጢው።

ብረት በያጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔስ ጠንቋይ ቤት ሳይሄድ አይቀርም እላለሁ» አለ።

«ኤሊ ጠንቋዩ ቤት እስኪደርስ ጠንቋዩ ይሞታል» አልኩትና ሳቅን። ነገሩ ግን ውስጤ ቀረ። ደግሞ አመሌ ነው፤ አንድ ነገር ካላወቅኩት እንደ አሸዋ ጫማዬ ውስጥ ይገባል። ማታ ለሚስቴ ነገርኳት።

«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» አለችኝ። «የሰው ነገር ምን አገባህ? አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል።»

«እናቴ ካረፈች አሥር ዓመቷ ነው፣ አትስጊ» አልኳትና ማክሰኞ ጠዋት ተከተልኩት።

ኤሊን መከተል እንዲህ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከሱ ብሶ መንቀርፈፍ ይጠይቃል። በየጥጉ ይቆማል፣ የሰው ደረጃ አጎንብሶ ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል። እንዳያየኝ አንድ መስኮት ላይ ተለጥፌ ቆምኩ። ለካ የሴት ጫማ መሸጫ ኖሯል! ሻጯ ብቅ ብላ «ቁጥራቸው ስንት ነው?» ስትለኝ «ትልቅ ነው» ብያት ሸሸሁ። በመጨረሻ አንድ ሰማያዊ በር አንኳኳ። ከፈቱለት፤ እንደ ዘመድ ስመው አስገቡት። እኔ ማዶ ቆሜ ስጠብቅ በሩ እንደገና ተከፈተና አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ፀሐይ ላይ ከምትቆም ግባና እይ» አለኝ። «ከመደብሩ ጀምሮ እያየሁህ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ገባሁ። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተንበርክኮ በጣቱ መገጣጠሚያ ሴራሚኩን አንድ በአንድ ያንኳኳል። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። አንዱ ላይ ሲደርስ ድምፁ ወፈረ።

«ሰማህ? ከሥሩ ባዶ ነው» አለና በጠመኔ ክብ አደረገበት።

«ማን ጠርቶህ ነው?»

«ማንም። የሠራሁትን ቤት በዓመት አንዴ ዞሬ አንኳኳለሁ። የላላውን አንስቼ እንደገና አነጥፋለሁ።»

«በነፃ?!»

«የራሴን ስህተት በገንዘብ ልሽጥላቸው እንዴ?»

«ስህተትህን ራስህ እየዞርክ ትፈልጋለህ ማለት ነው?»

«እነሱ ቀድመውኝ ከሚያገኙት ይሻላላ።»

ይህን እያወራን የቤቱ እናት ብቅ አሉና «መጣህ የኔ ልጅ? ከመጣህ አይቀር የጓሮውን ደረጃ እይልኝ፤ እህቴም ስላንተ ስትጠይቀኝ ነበር» አሉት። ይኸው ነው። ዘመድ የለ፣ ጥንቆላ የለ። እኛ ግድግዳ ሥር ተቀምጠን ሰው እስኪጠራን እንጠብቃለን፤ ሰውዬው ሄዶ ያንኳኳል። ቅናትም መደነቅም አንድ ላይ ያዘኝ።

ረቡዕ እኔም ሣጥኔን አንስቼ ወጣሁ። የመጀመሪያው ቤት ሴትዮዋ በሩን ሳትከፍት «ማን ጠራህ?» አለችኝ።

«ማንም። ቧንቧዬን ላየው ነው።»

«ያንተ ቧንቧ እኔ ቤት ምን ይሠራል?» ብላ ውሻውን ለቀቀችብኝ።

ሁለተኛው ቤት አስገቡኝ። በየመገጣጠሚያው እጄን ብሰድ ጠብታ የለም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ራሴ ጥሩ ሥራ ተናደድኩ። ሐሙስ ዕለት አራት በር አንኳኳሁ፤ ሁለቱ ጋ ሰው የለም፣ ሁለቱ ጋ ሻይ ብቻ ጠጣሁ። ኤሊ ይህን ዙር ስንት ዓመት እንደዞረ ያኔ ነው የገባኝ።

ዓርብ አንድ ቤት ቀረኝ። እዚያ ሰፈር ለስድስት ዓመት እግሬ አልረገጠም። የቤቱ ባለቤት እዚያው ልብስ የምትሰፋ ሴት ናት። የዚያን ጊዜ ሥራው እንደ ጎርፍ ነበር፤ በቀን አራት ቦታ እሮጣለሁ። በኛ ሙያ ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ከመቀበሩ በፊት ውሃ ሞልተህ፣ የግፊት መለኪያ አስረህ፣ እስከ ማግስቱ ትተወዋለህ። የመለኪያው መርፌ ካልወረደ ቧንቧው ደህና ነው፤ ያኔ ሴራሚክ ይለጠፍበታል። እዚያ ቤት ሴራሚኩን የሚለጥፈው ኤሊ ነበር። «ፈትሸኸዋል?» አለኝ። ሌላ ቦታ ሰዎች እየጠበቁኝ ነበር፤ «ፈትሼዋለሁ» አልኩት። አልፈተሽኩም። እና ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ግድግዳ ትዝ ሲለኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመጣብኛል፦ ቧንቧው ይዞ ይሆን?

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከፈተችልኝ።

«እትዬ፣ የመታጠቢያ ቤትዎን ቧንቧ የሠራሁት እኔ ነኝ። እንዴት ሆኖ ይሆን ብዬ ነው።»

«ደግ አደረግህ፤ ግባ! ቧንቧው ደህና ነው። ሴራሚኩ ነው ያስቸገረኝ» አለች። «በየዓመቱ ይለቃል። ያ ምስኪን ሰውዬ በየዓመቱ እየመጣ ያለ ምንም ክፍያ ይለጥፍልኛል። ባለፈው ወር ግድግዳውን ሲያንኳኳ ቆየና ‹እትዬ፣ እጄ ሳይከዳኝ አይቀርም› አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ እውነቴን ነው።»

መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ አምስት የጠመኔ ክቦች ነበሩ። መዳፌን አሳረፍኩበት፤ ይቀዘቅዛል። የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዘጋሁና ወጥቼ የውሃ ቆጣሪውን አየሁ። አንድም ቧንቧ ሳይከፈት ትንሿ መርፌ ትዞራለች። ቀስ ብላ ነው የምትዞረው፤ ግን ትዞራለች። አልያዘም ነበር።

ሴትዮዋ ከኋላዬ መጥታ «ምን አገኘህ?» አለች።

«ግድግዳው ውስጥ ውሃ ይፈሳል።»

«ውይ! ታዲያ ሥራልኛ። ያልከኝን እከፍላለሁ፤ ዛሬውኑ ጀምር።»

ይኸው ሥራ፣ በእጄ ገባ! ያውም በዓርብ። «ዕቃው አርጅቷል» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ፤ ማንም አያውቅም፤ አማቼም አፉን ይይዛል። አፌን ከፍቼ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ያ ሰውዬ እዚህ ተንበርክኮ፣ እጁን እየጠረጠረ፣ ክብ ሲያደርግ ታየኝ። አፈርኩ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

«ክፍያ የለውም እትዬ» አልኳት። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሳልፈትሸው ነው የቀበርኩት።»

ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። «ስድስት ዓመት?»

«ስድስት ዓመት።»

«በል መዶሻህን አውጣ። ለሰውዬው እደውልለታለሁ። ለሱ ግን ራስህ ትነግረዋለህ።»

ኤሊ እስኪደርስ ግድግዳውን ከፍቼ ጨርሻለሁ። መታጠፊያዋ ጋ፣ ክሩ በደንብ ያልጠበቀበት ቦታ፣ አንዲት ጠብታ ታብጣለች፣ ትወድቃለች፣ ሌላዋ ታብጣለች። ነገርኩት። አላሳጠርኩም፣ አላስረዘምኩም። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ጠብታዋን ያያል።

«ሲሚንቶውን ቀየርኩ» አለ በመጨረሻ። «አሸዋውን ቀየርኩ። ሙጫ ቀየርኩ። መነጽር ገዛሁ። ቧንቧውን ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኩም። ፈትሼዋለሁ ብለኸኛላ።»

«ይቅር በለኝ።»

«ቤት ለቤት መዞር እንዴት እንደጀመርኩ ታውቃለህ?» አለኝ ቀና ብሎ። «ይህ ግድግዳ የለቀቀ ጊዜ፣ እጄ ከድቶኛል፣ ሌላውም ቤት እየፈረሰ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ሌሊት ሌሊት አልተኛም። ከዚያ ሁሉንም ዞሬ ላየው ወጣሁ። ፍርሃት ነው ያዞረኝ፣ ወንድሜ። ሰዎቹ ናቸው ከመጣህ አይቀር እያሉ ሥራ የሰጡኝ።»

ሳምንቱን ሙሉ ስፈልገው የነበረው ምሥጢር ይኸው ነበር። ኤሊ ለምን ሥራ አይፈታም? እኔ ስለዋሸሁት። እጁን ልይዝ ተጠጋሁ።

«ደግሞ አመስግነኝ እንዳትል!» ብሎ ጮኸብኝ። ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ተነሳ፣ ሣጥኑን አነሳ፣ በፍጥነት ወጣ።

መታጠፊያዋን ፈትቼ በአዲስ ገጠምኩ። ውሃ ሞላሁ፣ መለኪያውን አሰርኩ፣ መርፌው የቆመበትን በእርሳስ ምልክት አድርጌ ሄድኩ። ለሚስቴ ሁሉንም ነገርኳት። «የኔ ጌታ» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ስመለስ ኤሊ ቀድሞኝ ግድግዳው ፊት ቆሟል። መርፌው ከእርሳሱ ምልክት ንቅንቅ አላለም። መነጽሩን አደረገና አጎነበሰ። ኪሱ ውስጥ ካለው ሶፍት ቁራጭ ቀድዶ በመታጠፊያዋ ዙሪያ አጥብቆ ጠመጠመበት፣ ጠበቀ፣ ፈትቶ በብርሃን አየው። ደረቅ ነው። እንደገና ጠመጠመው፣ እንደገና አየው። ከዚያ ሙጫውን ማቡካት ጀመረ።

ያኔ ስልኬ ጮኸ። አማቼ ነው።

«ማነው?» አለ ኤሊ ዞር ሳይል።

«የጥበቃ ሥራ አግኝቶልኝ ነበር። ዛሬ መልስ እፈልጋለሁ ብሏል።»

ሴራሚኩን ሙጫ ቀባ፣ ለጠፈ፣ በመዳፉ ጫን አደረገው። ስልኩ ይጮኻል።

«ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ የሚጀመሩ ሁለት መታጠቢያ ቤቶች አሉኝ» አለ። «ቧንቧ ሠራተኛ አምጣ ብለውኛል። ቃልህን ግን አልቀበልም። ውሃ ሞልተህ፣ አሳድረህ፣ መርፌውን በዓይኔ ታሳየኛለህ። ሁሌም።»

«እስከ መቼ?»

ሌላ ሴራሚክ አነሳና ጠርዙን በአውራ ጣቱ አበሰው።

«ስድስት ዓመት» አለ። «ከዚያ በኋላ እናስብበታለን።»

ስልኩን አነሳሁና አማቼን «ሥራውን ለሌላ ሰው ስጠው» አልኩት።