ጀልባዬን ለተሸከሙ

ቴአጋይ የመጨረሻ ዘፈኑን የሠራው ታሞ በተኛበት ነው። እግሩ ከሰለለ ወዲህ ማለዳ ማለዳ ጀልባውን ተሸክመው ባሕር የሚያደርሱለት ጎረቤቶቹ ነበሩ፤ ዘፈኑም ለእነሱ ምስጋና ነው። ቃሉን እያንጎራጎረ ሚስቱን ፊያሉአን ያስጠናታል፤ ውዝዋዜውን ደግሞ ምንጣፉ ላይ በሁለት ጣቶቹ ያሳያታል። እሷም ብድግ ብላ ጣቶቹ ያሉትን በእጇና በወገቧ ትደግመዋለች።

"ጀልባ ነው የተሸከምሽው ወይስ ትራስ?" ይላታል። ይሳሳቃሉ።

እሱ ከተቀበረ በኋላ በዓሉ ደረሰ። የናኑማንጋ ደሴት ሰው እንደ ልማዱ አዳራሹ ውስጥ ለሁለት ተከፍሎ ፊት ለፊት ተቀመጠ። አንዱ ወገን ሲዘፍን ሌላው ይሳለቃል፣ ተራው ሲደርስ በራሱ ዘፈን ይመልሳል። መሐል ላይ የተቋረጠ አዲስ ዘፈን ዳግመኛ የሚያነሳው የለም። ፊያሉአ ይህን እያሰበች ተነሳች።

አስጀማሪዋ እሷ ነበረች። አፏን ስትከፍት ግን ልቅሶዋ ድምጿን ወደ ላይ ነጠቀባት። ዘፈናቸው በተደገመ ቁጥር ይፈጥናል፣ ከፍም ይላል፤ ዝቅ ተብሎ እንደሚጀመር ሕፃን እንኳ ያውቃል። በሁለተኛው ዙር አብረዋት የሚዘፍኑት ሴቶች ጉሮሮ ተወጠረ። ወንዶቹ በመዳፋቸው የሚደልቁት የእንጨት ሣጥን ምት ፈጠነ። ሦስተኛው ላይ ድምፅ ጠፋ። የፊያሉአ እጆች ብቻ አየር ላይ ቀሩ።

ከወዲያ ማዶ ሳቅ ተነሳ። ዕድሜ ልኩን ቴአጋይን ሲተርብ የኖረው የዚያ ወገን መሪ፣ ሽማግሌው ማናሴ፣ ከመቀመጫው ተነሳ።

"አንቺ ሴትዮ! ባልሽ ዓሣ አጥማጅ እንጂ ወፍ አልነበረም። እዚያ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?"

"እስቲ አንተ አውርደኝ!" አለች፣ እንባዋ እየወረደ።

ማናሴ በጎርናና ድምፁ ዘፈኑን ከታች አነሳው። የራሱ ሰዎች አፍጥጠው አዩት፤ የተፎካካሪን ዘፈን ማንሳት ታይቶ አያውቅም። ኋላ ግን አንድ በአንድ ተከተሉት። አብዛኞቹ ያንን ጀልባ በትከሻቸው ያውቁታል። ዘፈኑ ከሁለቱም ወገን እየፈጠነ፣ እየጨመረ ወጣ። ፊያሉአ ጀልባው ሲነሳ ትከሻዋን ዝቅ አደረገች፤ በእርግጥም ከበዳት።

ሲያበቃ የአንገቷን የአበባ ጉንጉን አውልቃ ለማናሴ አጠለቀችለት።

"እግዜር ይስጥልኝ። ግን ቃሉን ከየት አመጣኸው? ተደብቀን አልነበር የተለማመድነው?"

"ግድግዳ በሌለው ቤት ተደብቃችሁ? ጎረቤትሽ አይደለሁም እንዴ!"

"ጀልባውንም አንተ ነበርክ ከፊት የምትይዘው። ከብዶህ ነበር?"

"ጀልባውስ ቀላል ነበር። ባልሽ ላዩ ላይ ተቀምጦ 'ቀስ በሉ' እያለ ከበደን እንጂ!"

ፊያሉአ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።